ከሦስቱ ካፖርቶች የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ አንድ ደህና የክረምት ካፖርት ለመግዛት ቆርጫለሁ፤ አቅሜ የሚፈቅደው አንድ ብቻ ስለሆነ መሳሳት አልፈልግም። ቁመቴ 1 ሜትር ከ57 ነው። ደረቴ ሞላ ያለ ነው፤ ዳሌዬ ግን ጠባብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምለብሰው ከጉልበቴ ትንሽ ወረድ የሚል ቀሚስና ጉርድ ነው፤ ጥቂት ሰፋፊ ሱሪዎችም አሉኝ። ልብሶቼ በብዛት ጥቁር፣ ጥቁር አረንጓዴና ወይን ጠጅ ናቸው። እስካሁን የምለብሰው ዳሌ ላይ የሚቀር ባለላባ ጃኬት ሙቀቱ ባይከፋም ድቡልቡል አድርጎ ነው የሚያሳየኝ። አሁን ሦስት ካፖርቶች ዓይኔ ገብተዋል። አንደኛው ጭን ላይ የሚቀር፣ ባለሁለት ረድፍ ቁልፍ ጥቁር ነው። ሁለተኛው ባት ድረስ የሚወርድ፣ ቁልፍ የሌለውና በቀበቶ የሚታሰር የግመል ቀለም ነው። ሦስተኛው ከጉልበት ወረድ የሚል፣ ባለአንድ ረድፍ ቁልፍ ቀጥ ያለ ጥቁር ግራጫ ነው። ልቤ ወደ ግመል ቀለሙ ነው። እርስዎ የትኛውን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ወዴት እንዳዘነበለ ገብቶኛል። እኔ ግን ካፖርት መቁረጥና መስፋት ሙያዬ እንደመሆኑ መጠን ግራጫውን ውሰጂ እላለሁ። ጥቁሩን ብዙ ሳታመነቺ ተዪው። የግመል ቀለሙን በተመለከተ ደግሞ ወረድ ብዬ የማነሳቸው ሦስት ነገሮች ከተሟሉ ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ።

ከጥያቄሽ ደስ ያለኝ ስለ ቁመትሽና ስለ ደረትሽ ነግረሽኝ ሳታበቂ ቀሚሶችሽንም ማንሳትሽ ነው። ብዙ ሰው ካፖርት ሊገዛ ሲወጣ ሰውነቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ቁም ሳጥኑን ረስቶ። «አጭር ሴት ይህን ትልበስ፣ ዳሌ ያላት ያንን» የሚሉት ምክሮችም የሚያሳስቱት እዚሁ ላይ ነው፤ ካፖርቱ ሥር ምን እንደሚለበስ አይጠይቁም። ካፖርት ብቻውን አይለበስም። ከታች የቀሚስ ጠርዝ ይወጣበታል፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ይገባበታል፣ እጅጌው ውስጥ የሹራብ እጅጌ ይታጨቅበታል። ጃኬትሽ ድቡልቡል የሚያደርግሽም ሰውነትሽ ጥፋት ኖሮበት አይደለም። ጃኬቱ ዳሌ ላይ ተቆርጦ ስለሚቀር ከሥሩ ቀሚስሽ ሰፋ ብሎ ይወጣል፤ ላዩ ደግሞ በአግድም ተሰፍቶ ላባ የተሞላ ስለሆነ በየረድፉ ያብጣል። ወገብሽ የት እንዳለ የሚናገር አንድም መስመር የለውም።

ከርዝመቱ እንጀምር፤ በአንቺ ጉዳይ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ቀሚሱ ከካፖርቱ ሥር አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ብቅ ሲል የውስጥ ልብስ ሾልኮ የወጣ ይመስላል። ካፖርቱ ቀሚሱን ጨርሶ ከሸፈነው ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ መስመር ይሆናል። ቀሚሱ አንድ ስንዝርና ከዚያ በላይ ወጥቶ ሲታይም ታስቦበት የተለበሰ መሆኑ ያስታውቃል። የሚያስቀይመው መሃሉ ነው። ጥቁሩ ካፖርት ከሱሪ ጋር ያምርብሽ ይሆናል። ከጉልበት በታች ከሚወርድ ቀሚስ ጋር ግን ካፖርት፣ ቀሚስ፣ እግር፣ ጫማ እያለ አራት ቦታ ይቆራርጥሻል፤ ቁመቷ አጠር ያለች ሴት ደግሞ በተቆራረጠች ቁጥር አጥራ ትታያለች። በሳምንት ውስጥ ሱሪ የምትለብሺው አልፎ አልፎ ከሆነ፣ ለሱሪ ብቻ የሚሆን ካፖርት ላይ ያለሽን ገንዘብ ሁሉ ማፍሰስ ትርጉም የለውም።

ወደ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ይህን አድርጊ። አዘውትረሽ የምትለብሻቸውን ቀሚሶች አውጪ። አንድ በአንድ ለብሰሽ፣ አንገትሽን ስታጎነብሺ ከኋላ ብቅ ከሚለው አጥንት ጀምሮ እስከ ቀሚሱ ጠርዝ ድረስ ሰው ይለካልሽ። ጉርዶቹንም እንዲሁ፤ ለብሰሽ እንጂ አልጋ ላይ ዘርግተሽ አይደለም። በአንቺ ቁመት ከጉልበት ትንሽ ወረድ የሚል ልብስ 95 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ካፖርትሽ ከረጅሙ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ስለዚህ ከ97 እስከ 100 ያለውን ነው የምትፈልጊው። የካፖርት የኋላ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካውም ከዚያው ከአንገት ሥር ስለሆነ ቁጥሩን በቀጥታ ማነጻጸር ትችያለሽ። ከዚያ በላይ ሲወርድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ባት። ማንኛውም ጠርዝ ባት በጣም በሚሰፋበት ቦታ ላይ ከቆመ እግርን አወፍሮ ያሳያል። ወይ ከሰፊው ቦታ በላይ ይቁም፣ ወይ አልፎት ወደ ቁርጭምጭሚት ጠበብ ወደሚለው ይውረድ። የግመል ቀለሙ ካፖርት «ባት ድረስ» ይወርዳል ብለሻል፤ ባትሽ ላይ በትክክል የት እንደሚያርፍ መስታወት ፊት በጎን ቆመሽ እይው። ጫማሽንም አድርገሽ ሂጂ፤ የቦት ጫማ አፍ ከካፖርቱ ጠርዝ ጋር ከተቀራረበ እግርሽ ሳይቆራረጥ ስለሚታይ ቁመት ይጨምርልሻል።

ሰፋፊ ሱሪዎችሽ አያሳስቡሽ። እስከ ጫማ ስለሚወርዱ ከየትኛውም ረጅም ካፖርት ጋር ይስማማሉ፤ ካፖርቱ ብቻ እነሱን ያህል የተንዘረፈፈ አይሁን።

አሁን ወደ ፊት ለፊቱ እንምጣ። ባለሁለት ረድፍ ቁልፍ ካፖርት የመርከበኞችና የወታደሮች ልብስ ነበር። ጨርቁ ደረት ላይ የሚደራረበው ንፋስ እንዳያልፍ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ግሩም ነው። ነገር ግን ቁጠሪው፦ ወፍራም ሱፍ፣ ገበር፣ እንደገና ወፍራም ሱፍ፣ እንደገና ገበር። ያ ሁሉ የሚከመረው ቀድሞውኑ ሞላ ባለው ደረትሽ ላይ ነው። ሁለቱ የቁልፍ ረድፎች ደግሞ ዓይንን ወደ ቁመት ከመውሰድ ይልቅ ወደ ጎን ይጎትታሉ። ሳይቆለፍ ቢተውስ? ትርፉ ጨርቅ በሁለቱም በኩል ተንጠልጥሎ ይብስበታል።

በቀበቶ የሚታሰረውም ይደራረባል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ኮሌታው ወደ ታች እየጠበበ ስለሚወርድ አንገትን ያስረዝማል፤ ያ ለአንቺ ጥሩ ነው። ችግሩ ከቀበቶው ይጀምራል። ወፍራም ሱፍ በቀበቶ ሲጠፈር ከቀበቶው በላይና በታች ይነፋል፤ ደረት ሞላ ሲል ከላይ ያለው መነፋት ይበረታል። በዚያ ላይ በሄድሽ ቁጥር ይላላል፤ አውቶቡስ ጠብቀሽ፣ ተቀምጠሽ፣ ተነስተሽ ቢሮ እስክትደርሺ ሦስቴ እንደገና ታስሪዋለሽ። በንፋስ ቀን ደግሞ የፊቱ ክንፍ ጉልበትሽ ላይ ይከፈታል። ሦስት ነገር ከተሟላ እሺ ልበል ያልኩት ስለዚህ ነው። አንዱን፣ ጠርዙ ባትሽ ላይ የት እንደሚያርፍ፣ ከላይ አንስቼዋለሁ። ሁለተኛ፣ ውስጡ የተደበቀ ቁልፍ ወይም ማሰሪያ ይኑረው፤ ያ ካለ ካፖርቱን የሚይዘው እሱ ስለሚሆን ቀበቶውን ላላ አድርገሽ ታስሪዋለሽ። ሦስተኛው ቀለሙ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ባለአንድ ረድፍ ቁልፉ ግራጫ የተሻለ የሚሆነው ከላይ ወደ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚሰጥና ደረት ላይ ብዙ ጨርቅ ስለማይከምር ነው። ቢሆንም ሁሉም ቀጥ ያለ ካፖርት ይስማማሻል ማለቴ አይደለም። ስትለኪው ሁሉንም ቁልፍ ቆልፊና እጆችሽን ወደ ታች ለቀሽ ቁሚ። ከደረትሽ አጠገብ ካለው ቁልፍ ተነስቶ ወደ ሁለቱም ብብት የሚሮጥ እጥፋት ካየሽ ጠቧል፤ «እየተለበሰ ይሰፋል» የሚልሽን ሻጭ አትስሚ። በሁለት ቁልፎች መካከል ክፍተት አፉን ከከፈተ ደግሞ ቁልፎቹ የተተከሉበትን ቦታ እይ። አንዱ ቁልፍ ደረትሽ በጣም ከፍ በሚልበት ትክክል ላይ መዋል አለበት። አንዱ ከዚያ በላይ ሌላው ከዚያ በታች ከሆነ፣ ካፖርቱ ልክሽ ቢሆንም እንኳ መሃሉ ይከፈታል። ልብስ ሰፊ እዚያ ቦታ ላይ ከውስጥ በኩል ትንሽ የተደበቀ ቁልፍ ሊጨምርልሽ ይችላል፤ ቀላል ሥራ ነው።

ከዚያ በጎን ዙሪና ተመልከቺ። ጨርቁ ከደረትሽ ጫፍ ተነስቶ እንደ ድንኳን ቁልቁል ከወረደ፣ ወገብሽ ውስጥ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ጃኬቱ ያመጣውን ችግር በሌላ መልክ ገዛሽው። ከብብት እስከ ዳሌ የሚወርድ ስፌት ያለው ካፖርት ወገቡ ላይ ገባ ብሎ ስለሚቆረጥ ይሻላል። ስፌቱ ከሌለው ልብስ ሰፊ ከጎንና ከኋላ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሊያጠብልሽ፣ ወይም ከኋላ ወገብ ላይ ከራሱ ጨርቅ መሰል ግማሽ ቀበቶ ሰፍቶ ሊይዝልሽ ይችላል። ግማሽ ቀበቶ እወዳለሁ፤ ከፊት ምንም ሳይጨምር ከኋላ ቅርጽ ይሰጣል። ዳሌሽ ጠባብ ስለሆነ ኪሱ ከውጭ የተለጠፈ ቢሆንም አይከብድብሽም፤ እንዲያውም ላይና ታችሽን ያመጣጥነዋል።

ትከሻ ላይ ግን ድርድር የለም። የእጅጌው ስፌት የትከሻሽ አጥንት በሚያልቅበት ላይ፣ ቢበዛ አንድ ሳንቲ ሜትር አልፎ ይቀመጥ። ርዝመት ይታጠፋል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ጎን ይጠባል፣ ቁልፍ ይነቀልና ቦታው ይቀየራል፤ ትከሻ ማስተካከል ግን ኮሌታውን፣ ገበሩንና እጅጌውን ነቅሎ እንደ አዲስ መስፋት ነው። ክፍያውም ድካሙም ለብቻው ሌላ ካፖርት ያህል ነው። ደረቷ ሞላ ያለ ሴት ብዙ ጊዜ የምትገባበት ችግር አለ፤ ትከሻው ልክ የሆነው ቁጥር ደረት ላይ ይጠባል፣ ደረቱ የበቃው ቁጥር ደግሞ ትከሻው ይወድቃል። ይህ ካጋጠመሽ እጅጌው ከትከሻ ጫፍ ሳይሆን ከአንገት ጀምሮ በሰያፍ ወደ ብብት የተሰፋውን ዓይነት ፈልጊ፤ ራግላን ይባላል። ትከሻው ላይ ስፌት ስለሌለው ከፍ ያለ ቁጥር ብትወስጂም የተዋስሽው አይመስልም፤ ወፍራም ሹራብም በምቾት ያስገባል። የእጅጌው ርዝመት እጅሽን ስትለቂ የእጅ አንጓ አጥንትሽን ሸፍኖ አውራ ጣት የሚጀምርበት ላይ ይቁም።

ስትለኪ በስስ ሸሚዝ አትሂጂ። ካለሽ ሹራብ ሁሉ ወፍራሙን ለብሰሽ ሂጂ። ራስሽን እንደምታቅፊ እጆችሽን አጣምሪ፤ ጀርባሽ ላይ ከተወጠረ አይሆንም። የአውቶቡስ ብረት እንደምትይዢ አንድ እጅሽን ከፍ አድርጊ፤ ካፖርቱ ሙሉ በሙሉ አብሮ ወደ ላይ ከወጣ ብብቱ በጣም ዝቅ ብሎ ተቆርጧል። ተቀመጪ። የምትይዢውን ቦርሳ ትከሻሽ ላይ አንጠልጥይ። የመልበሻ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ማማር ቀላል ነው።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ውስጥ ያለውን መለያ ሳታነቢ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ እንዳትከቺ። ሱፉ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ቀሪው ናይለን ቢሆን ቅር አይበልሽ፤ ናይለኑ እጅጌና ኪስ አካባቢ ቶሎ እንዳይሳሳ ያግዛል። ሱፍ እስከ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ እርጥበት ከአየር ወስዶ እርጥብነቱ ሳይሰማሽ ማሞቁን ይቀጥላል፤ ፖሊስተር ይህን አይችልም። ፖሊስተር የሚበዛበት ካፖርት ሱቅ ውስጥ ለስላሳ ቢመስልም ብብትና ቦርሳ የሚፈገፍግበት ቦታ ላይ ቶሎ ትንንሽ እንክብል ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ቅርጽ አያምርም። ጨርቁን ወደ መብራት አንሺው፤ ብርሃን በብዛት ካሳለፈ ንፋስም ያሳልፋል። በጡጫሽ ጨምቀሽ ልቀቂው፤ ጥሩ ሱፍ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ እንደተጨማደደ አይቀርም። ገበሩንም ገልብጠሽ እይ፤ ከኋላ መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች ትንሽ እጥፋት ተትቶለት ከሆነ ሰፊው አስቦበታል። እጥፋት የሌለው የተወጠረ ገበር እጅሽን ስትዘረጊ መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው። ካሽሚር (ከፍየል የሚገኝ ለስላሳ ጸጉር) የሚለውን ቃል አይተሽ አትቸኩይ፤ አምስትና አስር በመቶ ካሽሚር ከሙቀቱ ይልቅ ለመለያው ጌጥ ነው።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። ጥቁር ከሁሉም ጋር ይሄዳል ይባላል፤ ከሌላ ጥቁር ጋር ግን ይጣላል። አንዱ ጥቁር ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቡኒ ያደላል፤ ሱቅ መብራት ሥር አይታወቅም፣ ፀሐይ ላይ ስትወጪ ግን ካፖርትሽና ቀሚስሽ ጎን ለጎን ሆነው አንዱ የደበዘዘ ይመስላል። የአንቺ ልብስ በብዛት ጥቁር ስለሆነ ይህ በየቀኑ ያጋጥምሻል። ጥቁር ግራጫ ከጥቁርም፣ ከጥቁር አረንጓዴም፣ ከወይን ጠጅም ጋር ሳይወዳደር ይቀመጣል። የግመል ቀለምም ከሦስቱ ጋር ያምራል፤ ከወይን ጠጅ ጋር ሲሆን እንዲያውም ግራጫውን ይበልጠዋል፣ በዚህ ልብሽን አልወቅስም። ጥያቄው ከፊትሽ ጋር ነው። ካፖርቱን መስኮት አጠገብ፣ ከተቻለ ደጅ አውጥተሽ፣ ኮሌታውን ወደ አገጭሽ አስጠጊና ፊትሽን ብቻ እይ። የግመል ቀለም ከብዙዎቻችን ቆዳ ቀለም ጋር ይቀራረባል፤ በጣም ሲቀራረብ ፊት ልብሱ ውስጥ ይጠፋል፣ ሰው የደከመው ይመስላል። ፊትሽ ከፈካ ግን ሦስተኛው መስፈርት ተሟልቷል፤ ውስጡ ማሰሪያ ካለውና ጠርዙ የባትሽን ሰፊ ቦታ ካመለጠ ከልብሽ ጋር አልከራከርም። ግራጫው ፊትሽን ቢያጨልመው በወይን ጠጅ ሻርፕ ይቀናል። ሻርፑን ታዲያ ካፖርቱ ላይ አትከምሪው፤ አንገትሽ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥመሽ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ዘርግተሽ አስገቢያቸው፤ ከውጭ የተቋጠረ ወፍራም ሻርፕ ደረትን እጥፍ ያደርገዋል።

ሙቀቱን ጠይቀሽኝ ባታውቂም ከላባ ጃኬት ወደ ሱፍ ስትሻገሪ ልዩነቱ ይሰማሻል። የሚያሞቀን በልብሱ ውስጥ የታሰረው አየር ነው፤ ላባ ደግሞ አየር በማሰር ሱፍን ይበልጣል። ብርዱ ሲጠና እጅጌ የሌለው ስስ ባለላባ ሰደርያ ከካፖርቱ ሥር ልበሺ፤ ብብትና ትከሻ ላይ ስለማይደራረብ ቅርጹን አያበላሽም። በረዶና ጭቃ ለሚበዛበት ቀን ያ ጃኬትሽ ከሱሪ ጋር ይውጣ፤ እሱን አትጣይው። አንዳንዶች ደግሞ በዚህ ሰዓት ትሬንች ኮት የሚባለውን የዝናብ ካፖርት ይመክሩሻል። ትሬንች የሚሰፋበት ጋባርዲን ቶማስ በርበሪ በ1879 እ.ኤ.አ. ዝናብ እንዲመልስ ብሎ የሠራው ጨርቅ ነው፤ ለዝናብ እንጂ ለጠንካራ ብርድ አልታሰበም።

ከገዛሽ በኋላ መለያውን ሳትቆርጪ ቤትሽ ውስጥ ከሁሉም ቀሚሶችሽ ጋር ለኪው፤ መመለስ ቢያስፈልግ በሩ ክፍት ይሁን። ይሆናል ካልሽ በኋላ ከኋላ ታችኛው ስንጥቅ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተሰፋውን ክር በመቀስ ቁረጪው። ክሩ ካፖርቱ ሲጓጓዝ ቅርጹ እንዳይበላሽ የተደረገ ነው፤ መንገድ ላይ ሳይፈታ ለብሰውት የሚሄዱ ስንቱን አያለሁ፣ ስንጥቁ ስለማይከፈት ካፖርቱ በእርምጃቸው ልክ ይወጠራል። እጅጌ ላይ የተለጠፈ የፋብሪካ ምልክት ካለም እንዲሁ ይነቀላል። ኪሶቹ ተሰፍተው ከመጡ ክሩን በጥንቃቄ ፍቺው፤ አንዳንዱ ኪስ ግን የይስሙላ ስለሆነ ከውስጥ ቀድመሽ ዳስሺው።

አያያዙ ብዙ አይደለም። በሰፊ መስቀያ ስቀይው፤ የሽቦ መስቀያ ትከሻውን ያጎብጠዋል። ሲረጥብ ከማሞቂያ ራቅ አድርገሽ አድርቂው፤ ሲደርቅ በልብስ ብሩሽ ጥረጊው። ላውንደሪ በዓመት አንዴ፣ ብርዱ ሲያልፍ ከማስቀመጥሽ በፊት ይበቃል፤ ብል የሚወደው ላብና ቅባት የነካውን ሱፍ ስለሆነ ሳይጸዳ የተቀመጠ ካፖርት በዓመቱ ቀዳዳ ይዞ ይጠብቅሻል።

ግራጫውን ለክተሽው ትከሻው ወይም ደረቱ እምቢ ካለሽ ሌላ ቁጥር አስወጪና እንደገና ሞክሪ። አሁንም ካልሆነ የትከሻሽን ስፋት፣ የደረትሽን ዙሪያ ከነሹራቡ፣ የረጅሙን ቀሚስሽን የኋላ ርዝመት ላኪልኝ፤ ራግላን ከሆኑት ውስጥ ምን ዓይነቱን እንደምትፈልጊ እነግርሻለሁ።